ሁሉን «ዝግጁ ነኝ» ብሎ የሚፈታ መተግበሪያ

የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ያስተምራል የተባለ አንድ የስልክ መተግበሪያ የወር ክፍያውን ከፍዬ ስጠቀምበት ሰነበትኩ። ስለ ምዕራፎቹ ሁሉ መጻፍ ስለማይቻል፣ ጥንካሬውም ድክመቱም ጎልቶ በታየኝ፣ መዘጋጀትን የሚገልጹ የዘወትር ንግግር ፈሊጦች በቀረቡበት ምዕራፍ ላይ እወሰናለሁ።

የድምፅ ቅጂዎቹ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ችግሩ ያለው ፍቺው ላይ ነው፤ «ኦል ሴት»፣ «ጉድ ቱ ጎ»፣ «ሬዲ ቱ ሮል» እና «ሬሪንግ ቱ ጎ» አራቱም «ዝግጁ ነኝ» ተብለው ታልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በርግጥ ይቀራረባሉ፤ ሆኖም «ጉድ ቱ ጎ» ስለ ዕቃም ስለሚነገር፣ መካኒኩ ዘይቱን ቀይሮ፣ ጎማውን ነፍቶ ሲጨርስ እንዲህ ቢል መኪናው መንገድ ሊወጣ ይችላል ማለቱ ነው። «ሬሪንግ ቱ ጎ» ግን የዝግጅትን መጠናቀቅ ሳይሆን የልብን መቸኮል ነው የሚናገረው። ቃሉ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊቶቹን ማንሣቱን ከሚገልጸው ቃል የመጣ በመሆኑ፣ በእኛ አፍ «አሰፍስፏል» ቢባል ይበልጥ ይቀርበዋል፤ ለጉዞ አሰፍስፎ ሻንጣውን ገና ያልከፈተ ሰው ደግሞ ሞልቷል።

ከሁሉ ያስከፋኝ የ«ኦል ሴት» ጉዳይ ነው። በአንድ መልመጃ ላይ አስተናጋጇ ውኃ ይዛ ቀርባ ልጨምርልዎት ወይ ስትል፣ ደንበኛው «አይም ኦል ሴት» ይላታል። እኔ «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚለውን አማራጭ ስነካ ቀይ ምልክት ወጣብኝ፤ ትክክል የተባለው መልስ «አዎ፣ ዝግጁ ነኝ፣ ቅጂልኝ» የሚለው ነበር። በአሜሪካውያን አነጋገር ግን ይህ የጨዋ እምቢታ ነው፤ የሚያስፈልገኝ ሁሉ ስላለኝ አትድከሚ እንደማለት። ይህን ዘርዝሬ ለአዘጋጆቹ ብጽፍም መልመጃው አልታረመም።

ስለ ፈሊጦቹ አመጣጥ የተጻፉት አጫጭር ማብራሪያዎች የተሻሉ ናቸው። «ኦል ሲስተምስ ጎ» (ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው እንደማለት) የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጠፈር ጉዞ ጋር እንደሆነ፣ ሮኬት ከመተኮሱ በፊት የየክፍሉ ተቆጣጣሪዎች በየተራ «ጎ» እያሉ ዝግጁነታቸውን ያረጋግጡ እንደነበር በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል። ነገር ግን የትኛው ፈሊጥ ለማን ይባላል የሚለው ጨርሶ አልተነሣም። «ሎክ ኤንድ ሎድ» መሣሪያ ቆልፎ ጥይት ማጉረስን የሚያዝ የወታደር ትእዛዝ ሲሆን፣ ጓደኛሞች በቀልድ ይሉት ይሆናል፤ መተግበሪያው ግን ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ አመልካች ለጠያቂዎቹ ሲናገረው ያሳያል።

ጆሮውን ማለማመድ ለሚፈልግ ሰው የአንድ ወር ክፍያ አያስቆጭም፤ ፍቺ ፈልጎ ለሚገባ ግን አልመክርም። ወሩ ሲያልቅ ላድስልዎት ወይ የሚል ጥያቄ መጣልኝ። «አይም ኦል ሴት» ብዬ ልመልስ አሰብኩና፣ በእርሱ ፍቺ ከሆነ ገንዘቤ መቆረጡ ነው ብዬ ተውኩት።