ጄ-1 ወይስ ኤች-1ቢ? ለሬዚደንሲ አሜሪካ ለሚሄድ ሐኪም

አሜሪካ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ያገኘ የውጭ ሐኪም በአብዛኛው የሚገባው በጄ-1 ቪዛ ማለትም በልውውጥ ጎብኚ ቪዛ ነው። ስፖንሰሩ ሆስፒታሉ ሳይሆን የውጭ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ድርጅት ኢሲኤፍኤምጂ ሲሆን ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ሐኪሙ ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር፣ የሚማረው ስፔሻሊቲ ለአገሪቱ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ይህን ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው፤ የቢሮ ወረፋ ሥራ የሚጀመርበትን ቀን አያውቅም።

የጄ-1 ትልቁ ዕዳ የሚመጣው ግን ኋላ ነው፦ ሥልጠናው ሲያበቃ 2 ዓመት አገር ቤት መኖር። ከዚህ ለመዳን ብዙዎች የሚሞክሩት ይህን ግዴታ የሚያስቀረውን የኮንራድ 30 ፕሮግራም ነው፤ ሐኪም ባጣ አካባቢ 3 ዓመት መሥራት። ለአንድ ክፍለ ግዛት በዓመት የተፈቀደው 30 ቦታ ብቻ ነው።

የሠራተኛ ቪዛ የሆነው ኤች-1ቢ ይህ ግዴታ የለበትም፤ ለግሪን ካርድም ይመቻል። ሆኖም የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና የመጨረሻ ክፍል የሆነውን ስቴፕ 3ን አስቀድሞ ማለፍ ይጠይቃል፤ የሚያመለክተውም ሆስፒታሉ ስለሆነ ብዙዎቹ ወጪውን ይሸሹታል። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አዳዲስ ሠራተኞች ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ሲጥል ደግሞ በሩ ይብስ ጠበበ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ስቴፕ 3 በእጁ የሌለ ሰው ስለ ኤች-1ቢ ባያስብ ይሻለዋል።

ባለትዳሮችም አንድ ነገር አስቡ፦ በጄ-1 አብሮ የሄደ የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ በኤች-1ቢ ግን በአብዛኛው አይችልም።