አራት ኪሎ ያለው የኢንተርቪው ማለማመጃ፣ ብሬ ባይቃጠልም...

ውጪ ሜዲካል ስኩል አመልክቼ ኢንተርቪው ሲጠሩኝ ደንግጬ አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ማለማመጃ ቤት ገባሁ። ኢንተርቪውው ኤምኤምአይ (መልቲፕል ሚኒ ኢንተርቪው) የሚባለው ነው፣ ያ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ከክፍል ክፍል እየዞርክ ብዙ ጊዜ በር ላይ ጥያቄውን 2 ደቂቃ ታነባለህ ከዛ ገብተህ 8 ደቂቃ ታወራለህ። አሰልጣኟ በቪዲዮ ቀርፃኝ ሳየው ለካ በየመሀሉ "ማለት ነው" እያልኩ እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ፣ አፈርኩ በቃ። "ለምን ሀኪም?" ስትለኝ "ሰው መርዳት ስለምወድ" አልኳት፣ "እሱማ የታክሲ ረዳትም ይረዳል" ብላ አፌን አስያዘችኝ ሃሃሃ። እሷ አሪፍ ናት። ግን መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የላቸውም፣ ደረጃውም አይነሳ። ከሄዳችሁ የግሉን ያዙ፣ የግሩፑ ላይ ተራችሁ እስኪደርስ ወርዳችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።