«የተበላሸ ፋይል እንመልሳለን» ለሚሏችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ የምርቃት መጽሔት፣ የሠርግ ካርድ ወይም የማኅበር ልሳን የምታሠሩ ሁሉ ተጠንቀቁ። የኢንዲዛይን ወይም የኮረል (የኅትመት ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ናቸው) ፋይላችሁ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙን እየዘጋ ሲያስቸግር «እናስተካክላለን፣ በገጽ ይህን ያህል» የሚሉ ቤቶች አሉ። የሚያስረክቧችሁ ፋይል አዎ፣ ይከፈታል። ግን እያንዳንዱ ገጽ አንድ ፎቶ ነው፤ ከድሮ ፒዲኤፍ ወይም ከታተመ ኮፒ ላይ ተወስዶ አዲስ ፋይል ውስጥ የተለጠፈ። ጉዱ የሚወጣው የአንድ ተመራቂ ስም ላይ ፊደል ለማረም ስትሞክሩ ነው።

ዋጋው በገጽ መሆኑ ራሱ ያስጠረጥራል። የኢንዲዛይን ፋይል ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ከተከፈተ ዋናው መድኃኒት በአይዲኤምኤል (ኢንዲዛይን ሥራውን የሚያስቀምጥበት ሌላ የፋይል ዓይነት) ኤክስፖርት አድርጎ፣ እሱን መልሶ ከፍቶ በአዲስ ስም ሴቭ ማድረግ ነው። ኢንዲዛይን አይዲኤምኤል ሲከፍት ፋይሉን ከባዶ ስለሚገነባው ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሻገርም። ለ8 ገጽም ለ120 ገጽም ሥራው ያው ነው። በገጽ ማስከፈል የሚያስኬደው እንደገና ከተተየበ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ትየባ ነው ይበሏችሁ።

ደግሞም «ተበላሸ» የተባለው ሁሉ አልተበላሸም። በአዲስ ቨርዥን የተሠራ ፋይል አሮጌው ላይ አይከፈትም፤ የሠራውን ሰው በአይዲኤምኤል፣ ኮረል ከሆነም ዝቅ ባለ ቨርዥን ሴቭ አድርጎ እንዲልክ ጠይቁት። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱን መጫን በቂ ነው። ፍላሹ ውስጥ ሾርትከት ብቻ ከቀረ ደግሞ ቫይረስ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን አትንኩት። በፎልደር ኦፕሽንስ «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ምረጡ፣ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውንም አንሱት፣ ከዚያ ሥራችሁን ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ። ለዚህ ገንዘብ መክፈል ያሳዝናል።

ፕሮግራሙ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ገጽ ላይ ያለ ፎቶ ወይም ፎንት ነው። ኢንዲዛይን ከሆነ የፎቶዎቹን ፎልደር ስም ቀይራችሁ ፋይሉን ክፈቱት፤ ፎቶ ጠፋብኝ ይላል፣ ግን ካልተዘጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ትለያላችሁ። ኮረል ከሆነ ፋይሉን ከመውቀሳችሁ በፊት የዊንዶውስ ዲፎልት ፕሪንተሩን ወደ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ቀይሩት። የተበላሸ የፕሪንተር ድራይቨር ኮረልን ይጥለዋል።

ኮረል ሴቭ ስታደርጉ የቀድሞውን ቅጂ እዚያው ፎልደር ውስጥ «ባክአፕ ኦፍ» በሚል ስም ያስቀምጣል፣ ይህ ምርጫ በፕሮግራሙ ውስጥ ካልተዘጋ በስተቀር፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ከኤክስ 4 ቨርዥን ወዲህ ያለ የኮረል ፋይል በውስጡ ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ስለሆነ፣ የኮፒውን ስም መጨረሻ ከ.cdr ወደ .zip ቀይሮ በዊንራር «ሪፔር» ማድረግ አንዳንዴ ይሠራል። ሁልጊዜ አይደለም።

መጠኑ 0 ኪሎባይት የሆነ ፋይል ግን ውስጡ ምንም የለም። መብራት ሴቭ እየተደረገ ሲጠፋ ወይም ፍላሹ ሲነቀል እንዲህ ይሆናል። እሱን ራሱን «እመልሳለሁ» የሚል ሰው እየዋሸ ነው፤ የሚሻለው ባክአፕ መፈለግ ነው።

የግድ ባለሙያ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ኮፒውን ብቻ ስጡ፣ ዋናው ፍላሽ ቤት ይቅር። «ጽሑፉ የሚታረም ሆኖ» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ስትረከቡ እዚያው ወንበሩ ላይ ሞክሩት። ኢንዲዛይን ከሆነ «ፋይንድ ፎንት» (በአዲሶቹ ቨርዥኖች «ፋይንድ/ሪፕሌስ ፎንት») የሚለውን ክፈቱ፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ጽሑፍ የለም፣ ፎቶ ነው። የገቡትን ፎቶዎች የሚዘረዝረው ሊንክስ ፓነል ላይም በየገጹ አንድ አንድ ፎቶ ብቻ ከተደረደረ ያው ነው። ኮረል ላይ «ዋየርፍሬም» የሚለውን ዕይታ ምረጡ፤ የፊደሎቹ ጠርዝ በመስመር ብቻ መታየት ሲገባው በየገጹ ገጹን የሚሸፍን አንድ ቀለም አልባ ፎቶ ብቻ ከመጣ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ፣ ቀብዱንም ጠይቁ።