ጋቢ ደርቤ የተከታተልኩት የጨረር ሕክምና ሥልጠና

አሥር ማክሰኞ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ እየቀጠልኩ ጨረስኩት። ሥልጠናው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ነፃ ነው። ውጭ አገር ያሉ የጨረር ሕክምና ሐኪሞችና የጨረሩን መጠን የሚያሰሉ ሜዲካል ፊዚሲስቶች በፈቃደኝነት ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቹ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች) እና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ ቴክኖሎጂስቶች ናቸው። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ ጨረር የምሰጥ ሐኪም አይደለሁም። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ታካሚ መርምሮ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው አዲስ አበባ ሪፈር መጻፍ ነው። መስከረም ላይ ከመሐል ሜዳ በኩል አንዲት እናት መጡ። የጡት ካንሰሩ ዳሌያቸው አጥንት ላይ ደርሶ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ጨረር እንደሚያስፈልጋቸው ስነግራቸው «ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «የኔ ልጅ፣ በጎቹን ለማን ጥዬ ነው አዲስ አበባ የምከርመው?» ብለው ማስታገሻ ብቻ ይዘው ተመለሱ።

አራተኛው ሳምንት የማስታገሻ ጨረር ነበር። ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር ሕመም፣ አጥንቱ ካልተሰበረና ሕብለ ሰረሰር ካልተጫነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ10 ቀን ከሚሰጠው 30 ግሬይ እኩል ሕመም ያስታግሳል። ልዩነቱ፣ በአንዱ ቀን የታከሙት በኋላ ድጋሚ ጨረር የሚያስፈልጋቸው በዛ ይላሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው እማማን የሸኘኋቸው። በማግሥቱ የልጃቸውን ስልክ ከካርዱ ላይ ፈልጌ ደወልኩ። «ለአንድ ቀን ከሆነማ በጎቹን ጎረቤት ያያቸዋል» አለኝ፤ ሪፈሩንም እንደ አዲስ ጻፍኩ።

የጡት ካንሰሩ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ድሮ 25 ቀን የሚፈጀው 50 ግሬይ በ15 ቀን ወደሚሰጥ 40 ግሬይ ወርዷል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ በአምስት ቀን የተሰጠ 26 ግሬይ ከ15 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ ለሚታከም የሰላሌ ወይም የመንዝ ገበሬ ይህ የበሬ መሸጥና አለመሸጥ ጉዳይ ነው።

ቅር ያሰኘኝን ደግሞ አልደብቅም። ኮንቱር ላይ፣ ማለትም ጨረር የሚያርፍበትን ቦታ በምስል ላይ በመስመር ማክበብ ላይ፣ ሁለት ሙሉ ሳምንት አለፈ፤ መምህሩ ሁላችንም ኤምአርአይና ፔት ስካን የሚባሉት የምስል መመርመሪያዎች ደጃችን ያሉ መስሏቸው ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ጨረር፣ ከውስጥ የሚሰጠውን ብራኪቴራፒ ጨምሮ፣ በስምንት ሳምንት ማለቅ እንዳለበት ነገሩን። «ማሽኑ ቢበላሽስ? ታካሚዋ ለፋሲካ አገሯ ገብታ ብትቀርስ?» ብዬ ጻፍኩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ተብሎ ታለፈ። የመለሰችልኝ በቻት አብራን የምትማር ሬዚደንት ናት፤ ቅዳሜ መሥራት፣ ወይም ቢያንስ ስድስት ሰዓት አራርቆ በቀን ሁለቴ መስጠት ይቻላል አለችኝ። እንዲህ ያለው ነገር የትምህርቱ ዋና ክፍል ሊሆን በተገባው ነበር። ጥቁር አንበሳ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ቦታ በነበረበት አገር፣ የተቋረጠ ሕክምና እንዴት ይካካሳል የሚለው የዕለት ጥያቄ ነው።

የፊዚክሱ ክፍል ግሩም ነው። በአንዳንድ የጨረር ማሽኖች ውስጥ ጨረሩን የሚያመነጨው ኮባልት 60 በየአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ታካሚው ማሽኑ ሥር የሚተኛበት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን በአንድ ሥዕል አስረዱን። ብራኪቴራፒ ግን በስክሪን አይለመድም፤ አጠገብ ቆሞ እጅ የሚያቀና ሰው ይፈልጋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሂዩማን ሄልዝ ካምፓስ የሚባል ነፃ ገጽ አለውና መሠረታዊውን እዚያ አንብቡ፤ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ወርኃዊ የዳታ ጥቅል ግዙ። የአራተኛው ሳምንት ቅጂ እኔ ጋ አለ፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸኖ የምትሠሩ ሐኪሞች ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።