አልጋ የተገጠመለት አባዱላ፦ ከውሻና ከድመት ጋር ድሬዳዋና ሐረር የተመላለስኩበት ዘጠኝ ወር

ባለፈው ጥቅምት ያገለገለ ቶዮታ ሃይኤስ፣ ሁላችንም አባዱላ የምንለውን ሚኒባስ ገዛሁ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን አንድ ረድፍ ወንበር ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ አስነቀልኩ፤ በቦታው አልጋ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ በርሜልና ባትሪ አስገጠምኩ። ሰኔ ሲያልቅ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። እስካሁን 6,200 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ፤ 31 ሌሊት አድሬበታለሁ፤ ከነዚህ ውስጥ በ27ቱ ውሻዬ አጠገቤ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ባቆምኩት ቁጥር አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኩቶ «አቦ፣ ይኼ ነገር ያዋጣል?» ይለኛል። ቆሜ ልመልሰው የማልችለው ጥያቄ ስለሆነ ተቀምጬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልናገር። እኛ ድሬዳዋ ነን፤ እናቴ የምትኖረው ግን ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ነው። ግቢው የጋራ ነው፤ ሦስቱ ጎረቤቶቿ ሙስሊሞች ናቸው። ከስግደት በፊት የሚታጠቡበት (ውዱእ የሚያደርጉበት) ውሃም፣ የሚሰግዱበት ምንጣፍም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሻፊዒ በሚባለው የእስልምና ሕግ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ውሻዬን ቦቢን ይዤ ልግባ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ድመታችን ውሮ ግን ገና ከቅርጫቷ ሳትወጣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ወተት ያቀርቡላታል።

ውጤቱ ምን ነበር መሰላችሁ? በየበዓሉ ከሁለት አንዳችን፣ ወይ እኔ ወይ ባለቤቴ፣ ውሻ ለመጠበቅ ድሬዳዋ እንቀራለን። አንድ ጊዜ ለሰፈሩ ዘበኛ አደራ ብለን ሄድን፤ ቦቢ አጥር ዘሎ ሦስት ቀን ጠፋ፤ በመጨረሻ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተኝቶ አገኘነው። አሁን ባለቤቴና ውሮ እናቴ ቤት ያድራሉ፣ እኔና ቦቢ ከግንቡ ውጭ መኪናችን ውስጥ። ጠዋት ሁላችንም አንድ ላይ ቁርስ እንበላለን። ለእኔ የመኪናው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ ሶላሩ የምለው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ መንገዱ ልግባ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ትበልጣለች። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ፈተናው በሙሉ ያለው ደንገጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ነው። የእኔ ሞተር ባለ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው ነው። አልጋው፣ ባትሪውና 40 ሊትር ውሃው ሲጨመሩበት ጠመዝማዛውን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ የአወዳይን ጫት ለማድረስ የሚጣደፉት መኪኖች እንደቆመ ሰው ያልፉኛል። አልቸኩልም። ራዲያተሩ እስካሁን አላስቸገረኝም።

ያስደነገጠኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ኅዳር ላይ ከሐረር ስንመለስ፣ ባዶ ሚኒባስ እንደምነዳ ቆጥሬ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ያዝኩት። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ቦቢ ከእኔ በፊት አሽትቶ ተነስቶ ቆመ። ዳር ይዤ ቆሜ ጎማው አጠገብ እጄን ሳስጠጋ እንደ ምጣድ ይፋጃል። አርባ ደቂቃ አስቀዘቀዝኩት። በማግስቱ መካኒኩ የፍሬን ሸራውን አውጥቶ አሳየኝ፤ ፊቱ እንደ መስታወት አብረቅርቋል። ከዚያ ወዲህ በወጣሁበት ማርሽ እወርዳለሁ፤ ሸራውም አልተነካም። ይህንን ዓይነት ክብደት ለሚጭን ሁሉ ቀድሞ የሚነገር ነገር ቢሆንም ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ስለ እንስሶቹ ጉዞ። ቦቢ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች በሙሉ ደንገጎ ላይ አስታወከ። ሁለት ነገር ለውጬ ተወው። አንደኛ፣ ከመነሳታችን አራት ሰዓት ቀድሞ ምግብ አይበላም፣ ውሃ ግን አይከለከልም። ሁለተኛ፣ አልጋው ላይ ከኋላ ጫፍ ይተኛ የነበረውን ወደ ፊት፣ ከወንበሩ ስር አመጣሁት። የመኪና ጅራት ከኋላ ጎማ አልፎ ስለሚወጣ በየመታጠፊያው ይወዛወዛል፤ መሀሉ ይሻላል። በደረቱ ዙሪያ የሚታሰር ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው ወለሉ ላይ በቡሎን በተያዘ ቀለበት ይገባል። አንገቱን ብቻ ማሰር ግን ድንገት ፍሬን ሲያዝ ማነቅ ማለት ነው።

ውሮ ሌላ ዓለም ናት። ከሰፈራችን ከሳቢያን እስክንወጣ እንደ ተበደለች አልቃሽ ትጮሃለች፣ ደንገጎ ላይ ዝም ትላለች፣ አደሌ ስንደርስ ትተኛለች። የምትጓዘው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ፣ በላዩ ነጠላ ተሸፍኖ ነው፤ ጨለማው ያረጋጋታል። ለመጸዳጃዋ ከውጭ የሚመጣውን አሸዋ መግዛት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞኝነት መሰለኝ። አሁን በበጋ ከደረቀው ደቻቱ አንድ ማዳበሪያ አሸዋ አመጣለሁ፤ ወንፍቼ፣ አጥቤ፣ ጣሪያ ላይ አደርቀዋለሁ። የድሬዳዋ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት።

ኬላ ላይ ያለውን ሳልጠቅስ አላልፍም። መጋረጃ ያለው ሚኒባስ በዚህ መስመር ሲያልፍ ኮንትሮባንድ ያልጫነ አይመስልም፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ማለት ይቻላል እፈተሻለሁ። ጥር ላይ አንድ ፈታሽ «ምን ጭነሃል?» አለኝ። «ውሻና ድመት» አልኩት። ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱን አጥቁሮ በሩን ገፋው፤ ከዚያ የተሸፈነውን ቅርጫት እያየ ነጠላውን ቀስ ብሎ ገለጠ። ውሮ ትክ ብላ አየችው። መልሶ ሸፈናትና «ይቅርታ፣ ተኝታለች መሰለኝ» አለ። የሁለቱንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት መሪው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ እስካሁን ወረቀቱን የጠየቀኝ የለም፣ ግን ቦቢ ሰው የቧጠጠ ቀን ያለ ወረቀት መቆም አልፈልግም።

ሙቀት የዚህ መኪና ዋናው ጠላት ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከውጩ ከ15 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ብዙም አይለውጠውም። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ በመላ ቆዳው አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም። ሕጌ አንድ ነው፦ ድሬዳዋ ውስጥ ቦቢ መኪና ውስጥ ብቻውን አይቀርም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ቬንቲሌተሩ እየሠራም ቢሆን።

ቬንቲሌተሩን እንዳላምነው ያደረገኝ ራሱ ባትሪው ነው። 100 አምፒር ሰዓት፣ 12 ቮልት ሊቲየም ነው፤ በቁጥር 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቬንቲሌተሩ 30 ዋት ስለሚበላ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ 300 አይሞላም፤ ማቀዝቀዣው በቀን 500 ያህል ይወስዳል። በወረቀት ላይ ይተርፋል። ግንቦት አጋማሽ ላይ ግን እኩለ ቀን ላይ ከአሸዋ ገበያ ዕቃ ገዝተን ስንመለስ መቆጣጠሪያው ቀይ መብራት አሳየኝ፤ ሶላሩ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ባትሪው አይሞላም። ተበላሸ ብዬ ግማሽ ቀን ስበሳጭ ከዋልኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ የእኔ ዓይነቱ ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ መሞላቱን ያቆማል። ሠሪዎቹ ባትሪውን የከተቱት አየር በማያገኝ የላሜራ ሳጥን ውስጥ፣ ከኋላ በር ስር ነበር። ሳጥኑን አስበስቼ ትንሽ ቬንቲሌተር አስገባሁበት፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

ሶላሩም ቢሆን በስሙ አይጠራም። 200 ዋት ተብሎ የተሸጠልኝ ከ145 በላይ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። የፀሐይ ሰሌዳ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ነው የሚቆረጠው። ሐረር ላይ፣ በቀዝቃዛው ጠዋት፣ ከድሬዳዋ የተሻለ ሲሠራ አይቼ መጀመሪያ ላይ ተገርሜ ነበር።

አሁን ስለ ሐረር ሌሊት። ጅብ በሐረር እንግዳ አይደለም፤ ከግንቡ ስር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጅብ አብላዮቹ የተነሳ ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። ይህንን ሁሉ እያወቅሁ፣ በዚያ ያለው ዘበኛ የማውቀው ሰው ስለሆነ ብቻ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አካባቢ አቆምኩ። ያን ቀን ውሮም ከእኛ ጋር ነበረች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ በቀጭን ድምፅ ነቃሁ፤ ጣውላ የሚመታ ነገር ይመስላል። ቦቢ ነው። በእግሮቼና በመኪናው ግድግዳ መካከል ገብቶ ይንቀጠቀጣል፤ ጥፍሮቹ የአልጋውን ጣውላ ይመቱታል። አልጮኸም። ቀን ላይ ባጃጅ ባየ ቁጥር ሰፈር የሚያውክ ውሻ ትንፋሹን ውጧል። ውሮ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ታች ትመለከታለች፤ ጅራቷ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ትከሻው ከፍ፣ ቂጡ ዝቅ ያለ ጥላ ወደ መኪናው ጀርባ ሲዞር አየሁ። ቀጥሎ ጎማ የሚታኘክበት ድምፅ። ጠዋት ስወርድ የግራ ኋላ ጭቃ መከላከያ ጎማው ግማሹ የለም።

ዘበኛው አይቶ ሳቀ። «ጫማም ይበላል እኮ» አለኝ። ያን ቀን ከኋላ በር ስር የአጥንት ቁራጭ በፌስታል አስሬ አስቀምጬ እንደነበር ኋላ ላይ ትዝ አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የማድረው ሸዋ በር አጠገብ፣ መብራት ያለበት ቦታ ነው፤ ምግብ ነክ ቆሻሻ ውጭ አይቀርም፤ ቦቢን ለመጨረሻ ጊዜ የማወርደው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት ነው። ድንኳን ቢሆን ኖሮ ይህን ግምገማ የሚጽፍ ሰው ላይኖር ይችል ነበር። ላሜራው ምንም ያህል ቢስስ፣ በሐረር ሌሊት ውሻ ላለው ሰው ከሆቴል ይሻላል፤ ሆቴሎቹ ቦቢን ሲያዩ ሁልጊዜ «ሞልቷል» ይላሉ።

የሠሪዎቹን ጉድለት በአጭሩ ልጨርስ። አልጋው 1.75 ሜትር ነው፤ እኔ 1.80 ነኝ፤ ለክቼ ሳልሰጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። የውሃው በርሜል በሁለተኛው ወር አፈሰሰ፤ ማያያዣውን አስቀየርኩ። ጠረጴዛው ደንገጎን በወጣን ቁጥር ይንኳኳል፤ አሁን በጎማ ጥብጣብ አስሬዋለሁ። ከኋላ በር የሚገባውን አቧራ ግን እስካሁን አላሸነፍኩትም፤ ሲሊከንም ጎማም ሞክሬ ከረጅም መንገድ በኋላ ፍራሹ ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። ወንበሮቹ ሲነቀሉ ሊብሬው ላይ ያለው የሰው ቁጥርም መስተካከል እንዳለበት ቦሎ ላድስ ስሄድ ነው የተነገረኝ፤ ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ረጅም መንገድ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አዳማ ያለችው እህቴ ጋ። በቁልቢ፣ በጭሮ፣ በአዋሽ አድርገን ነው የሄድነው። ከአዋሽ እስከ መተሐራ ያለውን ቆላ በማለዳ ካላለፋችሁት ውሻው ያለከልካል፣ እናንተም ትጣላላችሁ። በታኅሣሥ 19 ዋዜማ ቁልቢ ላይ ማደር ግን አይመከርም፤ ብርዱ ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ቦቢ ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን ተሳላሚ በጩኸት ተቀበለ።

በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ጋኑ 70 ሊትር ስለሚይዝ የናፍጣ ሰልፍ በበዛበት ሳምንት ያረጋጋል። ዋጋ አልጠቅስም፤ ባትሪና ሶላር በየወሩ ስለሚጨምር የእኔ ቁጥር ያሳስታችኋል። ከእንጨትና ከብረት ሥራው ይልቅ ኤሌክትሪኩ ብዙ እንደበላ ግን እወቁት። ሽርሽር ለመሄድ ብቻ ከሆነ አትግዙት፤ ኮንትራት መኪና ይረክሳል። በወር ሁለት ጊዜ ዘመድ የምትጠይቁ፣ ውሻ ያላችሁና ውሻችሁ የማይገባበት ቤት ያላችሁ ከሆነ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ያኔ ባትሪውን በመጀመሪያው ቀን አስተነፍሰዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻይ፣ በፔርሙስ ይዛ ሸዋ በር ድረስ መጣች። ወገቧን ይዛ የጎን በሩን ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረችና ተወችው፤ በርጩማ አውርጄላት ውጭ ተቀመጠች። ቦቢ አገጩን የበሩ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ያያታል፤ እሷም የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ፣ ሳትነካው፣ ታወራዋለች። ስኒዋን እየመለሰችልኝ «ይኼ ደረጃ ለጉልበቴ አይሆንም፤ ዝቅ አስደርገው» አለችኝ። ማክሰኞ ብየዳ ቤት ቀጠሮ አለኝ።