ሽቦውን ፍቆ የሚያሳይ ሱቅ

ባለፈው ወር ለእማዬ ምጣድ ማራዘሚያ ገመድ ገዛሁ። ከየት እንደገዛሁት ይቅር። አምስተኛው እንጀራ ሳይወጣ ገመዱ ጋለ፤ ፕላስቲኩ መሽተት ጀመረ። እማዬ "ኧረ ቤቱ ሊነድ ነው!" ብላ ነቀለችው። የተረፈውን ሊጥ ተሸክመን ጎረቤት ሄደን ጋገርን።

በማግስቱ የተቃጠለውን ገመድ ይዤ አራት ኪሎ ወዳለች አንዲት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሽቦውን በምላጭ ፋቁት። ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ።

"መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው ልጄ።"

"ምን ልዩነት አለው ጋሼ?" ማለቴ ነው ጥፋቴ። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች በረጅሙ ተነፈሱ። ጋሼ እስክሪብቶ አውጥተው ካርቶን ላይ ክብ በክብ ይስሉ ጀመር። የመዳብ አቶም 29 ኤሌክትሮን አለው። ከውስጥ ወደ ውጭ 2፣ 8፣ 18 ሆነው ይደረደራሉ፤ አንዷ ብቻዋን ዳር ትቀራለች። ይቺ የዳሯ አንድ ቦታ አትረጋም፤ ከአቶም አቶም ትዞራለች። ሶኬት ስንሰካ የምትገፋው እሷ ናት። ፕላስቲክ ግን የራሱን ጨምድዶ ስለሚይዝ ሽፋን ይሆናል።

አሉሚኒየም ዳር ላይ 3 አለው። "ታዲያ እሱ አይሻልም?" አልኳቸው። ሳቁ። ወሳኙ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ እንደ ልብ መሄዱ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ከሚንቀጠቀጡት አቶሞች ጋር እየተጋጩ ይበልጥ ይደናቀፋሉ። ውፍረቱ እኩል ሆኖ የኤሌክትሪኩን ጉዞ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ያግዳል። ግጭቱ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። የእማዬ ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያ ሁሉ በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ገመዴ ራሱ ምጣድ ሆነ።

ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሙሉ መዳብ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ጫፉንም ሳልጠይቅ ፍቀው አሳዩኝ። ዋጋው ከበፊቱ እጥፍ ይጠጋል። ቅናሽ የሚባል ነገር አይሰሙም። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ደረሰኝ ሲጽፉም ቀስ ነው፤ ቸኩላችሁ እንዳትሄዱ። እኔ ግን ሌላ ቦታ አልገዛም።

ቅዳሜ 30 እንጀራ ወጣ። ገመዱን ዳሰስኩት፤ ለብ ከማለት አላለፈም። እማዬ ግን አሁንም በየእንጀራው መሀል ጎንበስ እያለች ታሸተዋለች።