ቦርከና ላይ ግድብ ይሻላል ወይስ ጠለፋ?

ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉ የገጠር ቀበሌዎች ከወንዝ መብራት እናውጣ ሲባል ሁሉም ቶሎ የሚያስበው ግድብ ነው። እኔ ግን ጠለፋው፣ ማለትም ውሃውን ሳይገድቡ ከወንዙ በቦይ መጥለፉ፣ ይሻላል ባይ ነኝ።

ግድብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ ያቆያል። ችግሩ ደለሉ ነው። ቦርከናን በሐምሌና በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከተራቆተው ተራራ አፈሩን ጠርጎ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ የሚወርደው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ እንኳ፣ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ፣ ደለል ብዙ ቦታ ወስዶበታል። ትንሽ ግድብማ እንዴት ይችለዋል?

ጠለፋ ውሃ አያጠራቅምም። ከወንዙ ከፊሉን በቦይ ይወስዳል፣ በቧንቧ ቁልቁል ይለቀዋል፣ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። የማንም ማሳ በውሃ አይዋጥም። ዋናው የሚፈልገው ቁልቁለት ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ ሞልቷል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ 20 ሜትር ቢወርድ ከ10 ኪሎዋት በላይ ይሰጣል። ቀን ለወፍጮ፣ ማታ ለአምፖል።

በበጋ ግን ውሃው ሲቀንስ ኃይሉም ይቀንሳል፣ መስኖ ባለበት ደግሞ ከገበሬው ጋር ያጣላል። ስለዚህ ተርባይን ከመግዛት በፊት መለካት ያለበት የበጋው ውሃ ነው፣ የክረምቱ አይደለም።